ለሠርግ የተነፋ ጡሩንባ

ሠርጉ እሑድ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና የሙሽራዋ እናት የተከራየችውን ድንኳን ከመሃል ቀደደው። አከራዩ ሌላ የለኝም አለ። ሴትየዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ኮልፌ ገበያ በርበሬ እየሸጠች ልጇን ያሳደገች ጎረቤታችን ናት፤ እንግዶቿን ዝናብ ላይ ልታስቀምጥ ነው። የቀራት የእድራችን ድንኳን ብቻ ነበር።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። የፍርድ ቤት ዜና ስዘግብ ስለኖርኩ በማታ ትምህርት የሕግ ፍልስፍና ተምሬአለሁ። «ሕግ ምንድን ነው?» የሚለው ክርክር ግን እንደዚያን ዕለት በእግሩ ሰፈራችን መጥቶ አያውቅም።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ያንኑ ማታ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ስንሰበሰብ ደንቡን ገልጠው አነበቡ፤ ድንኳኑ ለሐዘን ብቻ ያገለግላል ይላል። ደግ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ሕግ ማለት ሥልጣን ያለው ጉባኤ የወሰነው ነው፣ ወደድነውም ጠላነውም አሉ። አጠገባቸው የነበሩት አንዲት ባልቴት አልተስማሙም። መረዳዳት ከወረቀቱ በፊት ነበረ፤ ጎረቤት ሲቸገር እያየ የሚከለክል ደንብ፣ ደንብ አይባልም ብለው ተከራከሩ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ አየር ጤና ጋራዥ ያለው ጎልማሳ፣ ሁለቱንም አዳምጦ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«እናንተ ተከራከሩ። እኔ ከከፈትኩ ተፈቀደ፣ ካልከፈትኩ ተከለከለ። ሕጉ ይኸው ነው።»

የማታ ትምህርት መምህራችን እነዚህኑ ሦስት የሕግ አስተሳሰቦች ለማስረዳት ወራት ፈጅቶበት ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን ደንቡን ማገላበጥ አላቆሙም። በመጨረሻ ፊታቸው በራ። ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን ማሻሻል ይችላል፤ ጉባኤውም የሚጠራው በጡሩንባ ነው ይላል። በእኛ ሰፈር ጡሩንባ የሚሰማው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ስብሰባ በስልክ ነው የምንጠራራው። ይህንኑ ነገርኳቸው። የተጻፈው ይፈጸማል አሉኝ። መሰብሰቢያው ሰፊ ግቢ ያላት የሙሽራዋ እናት ቤት እንዲሆን ተወሰነ።

ቅዳሜ ማለዳ ጡሩንባው ተነፋ፤ ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበትም ተለፈፈ። ለምን እንደሆነ የሰማ የለም። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ ጎረፈ። የሙሽራዋ እናት በሩን ስትከፍት ሽንኩርት ስትከትፍ ቆይታ ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። የፊተኞቹ ሴቶች ይህን ሲያዩ አንገቷ ላይ ወድቀው ዋይታውን አቀለጡት። እሷ ደግሞ ስብሰባ መኖሩን ብታውቅም፣ እነሱ የሰሙት መርዶ ያለ መስሏት አብራ አለቀሰች። ሙሽራዋ ግማሽ ፀጉሯን ተሠርታ ብቅ ስትል፣ የሞተችው እሷ የመሰለቻቸው አልቃሾች ዋይታቸውን ገቱ።

ሊቀመንበሩ ቆጠሩ። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ድንኳኑ ለሠርግም ያገልግል የሚለውን የማሻሻያ ሐሳብ አንብበው ድምፅ ጠየቁ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ አንዲት አሮጊት፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። እጅዎን ያውጡ።»

አወጡ። ሁሉም አወጣ። እልልታው ሲቀልጥ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ የድንኳኑን ምሰሶዎች ጭኖ በር ላይ ደርሶ ነበር፤ ሊቀመንበሩ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ እስክጽፍና እስኪፈርሙ ድረስ ውጭ አቆዩት።

ለለቅሶ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ሽንኩርት ሊልጡ ተቀመጡ።