ፈረሰኛው ባሌና የማታ ኪኒኑ

ባሌ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ካሉት ፈረሰኞች የሚስተካከለው እንደሌለ ያምን ነበር። እኔ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከጋሪ በስተቀር ምንም ላይ ወጥቼ የማላውቅ ሴት ስለነበርኩ፣ ስንጋባ ነገሩን የማጣራበት መንገድ አልነበረኝምና አመንኩት። እሱ አገር ከገባሁ በኋላ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ራሱ እንዲሁ እንደሚያምን ደረስኩበት። ቢሆንም ባሌ ፈረሱ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። አጥር እጠር ሲባል ወገቡን የሚያመው ሰውዬ፣ ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ጀርባው እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ይላል።

በተጋባን ዓመት በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ሲጫወት ወድቆ ራሱን ተመታ። ቁስሉ ድኖ፣ እኛም ረስተነው ሳለ፣ ሰኔ ላይ እርሻው ዳር እንደቆመ በድንገት ወደቀ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ደፈቀ። ሲነቃ ምንም አላስታወሰም። ከብበነው ስናለቅስ አይቶ ማን እንደሞተ ጠየቀን። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው ይጥለው ጀመር።

አማቴ አማርኛን እንደ ክት ልብስ ለእንግዳ ብቻ የሚያወጡ ሴት ነበሩ፤ ቤት ውስጥ በአገውኛ ነው የሚናገሩት። እኔም አገውኛው ገና አይገባኝም ነበርና አብዛኛውን በእጅና በዓይን ነበር የምንግባባው። እሳቸው ጠበል እንውሰደው አሉ፣ እኔ ዳንግላ ሐኪም ቤት አልኩ፣ እሱ ሁለቱንም እንቢ አለ። የንስሐ አባታችን ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪሙም ይየው ብለው ገላገሉን።

ሐኪም ቤቱን የያዘው ድሬሰር ከሌላ አገር የመጣ ቀጭን፣ ባለ መነጽር ሰው ነበር። ፈረስ እንደሚፈራ ያወቅነው በሩ ላይ ያሰርነውን አይቶ በጓሮ ዞሮ ሲገባ ነው። የመጣንበትን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ይህን ፈረስ ማን ጋልቦት እንደመጣ ጠየቀ። ባሌ በኩራት እኔ ነኝ አለ። ድሬሰሩ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ገበያ ክርክር ነበር። ድሬሰሩ ትንሽ ነጭ ኪኒን አሳየንና፣ ሁልጊዜ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ እንደሚዋጥ፣ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚል፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ እሱ መምጣት እንዳለብን ነገረን። አንድ ማታ ቢረሳ በማግስቱ ሁለት አይደርብም። ባሌ ይህን ሁሉ ተቀበለ። አረቄ አይጠጣም ሲባል ጠላን አነሣ፤ ጠላም አይሆንም ሲባል ጠላ መጠጥ ነው እንዴ ብሎ ተቆጣ። ትልቁ ጠብ የመጣው ግን ድሬሰሩ እኔ እስክፈቅድልህ ፈረስ ላይ አትወጣም ሲለው ነው።

«በቅሎስ?» አለ ባሌ።

«በቅሎም።»

«አህያስ፣ ጌታዬ?»

ድሬሰሩ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ነገር ሁሉ እንደማይሆን አስረዳው። ብቻውን ውኃ ዳር እንዳይወርድ፣ እሳት አጠገብም እንዳይቀመጥ ጨመረበት። ለእኔ ደግሞ ሲጥለው ወደ ጎኑ እንዳስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳልከት፣ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት የሚባለውንም እንድተው ነገረኝ።

ፈረሱን እየሳብን በእግራችን ተመለስን። መሽቶብን አዲስ ቅዳም ከተማ አደርን። ባሌ ለሚያገኘን ሰው ሁሉ ፈረሱ እግሩን አሞት ነው ይል ነበር። ፈረሱ ከሁላችንም የተሻለ ጤነኛ ነበር።

የኪኒኑን ጠርሙስ የማንም ልጅ እጅ እንዳይደርስበት ከጣሪያው አንጠልጥዬ፣ ማታ ማታ ኪኒኑን በእጁ እሰጠው ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያንቀላፋ ነበር፤ ቆይቶ ተወው። መውደቁም ቀረ። ሰውነቱ ተመለሰ፣ ቀልዱም ተመለሰ፣ ከድሬሰሩ ጋር የጀመረው ክርክርም አብሮ ተመለሰ። ጾም ሲገባ፣ እንግዲህ ጾመኛ ነኝ ኪኒን አልውጥም አለኝ። ንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ። እሳቸውም፣ በዓይናቸው እየሳቁ፣ ማታ እራቱን በልቶ ኪኒን ቢውጥ የትኛው ጾም እንደሚፈርስ ራሱ መጥቶ ያስረዳኝ አሉ። አልሄደም።

ከፋሲካ በኋላ ያጎቱ ልጅ ሰርግ ደረሰ። ሙሽራ የሚያጅቡት ፈረሰኞች ናቸው፤ ባሌ ደግሞ በእግሩ ሊያጅብ ነው። ይህን አስቦ አስቦ ኩርፊያ ጀመረ። ድኛለሁ፣ የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ይሠራለታል ይለኝ ጀመር። እኔ ኪኒኑን በእጁ ከማኖር አልቦዘንኩም፤ እሱም ወደ አፉ ከመክተት አልቦዘነም። በዚያው ሰሞን ውሻችን ተለወጠ። መንገደኛ ሁሉ ዱላ ይዞ የሚያልፈው ክፉ ውሻ ነበር፤ አሁን ሰው ሲረግጠው እንኳ አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይጨፍናል። ሲነሣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። አማቴ አይተውት፣ አርጅቷል አሉ። እኔ ግን ገና ቡችላ ሳለ አውቀው ነበር፤ ለማርጀት ጊዜ አልነበረውም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ደጁን ስጠርግ፣ ውሻው ከተኛበት አጠገብ ያላለቀች የእንጀራ ቁራሽ አገኘሁ። መሐሏ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፏል። አንሥቼ አየሁት፤ የባሌ ኪኒን ነው። ለካ ሰውዬው ከምላሱ ሥር ደብቆ ያቆይና፣ እኔ ዞር ስል በቁራሽ ጠቅልሎ ለውሻው ሲያጎርስ ከርሟል። ውሻውም በማግስቱ ሌላ ቁራሽ አገኛለሁ ብሎ እዚያው በር ላይ ይጠብቀዋል። በእጄ እንደያዝኩት፣ ከሐይቁ በኩል ጩኸት ሰማሁ።

ባሌ ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ ወደ ዘንገና ወርዶ ነበር፣ ብቻውን። ዳሩ ላይ በሽታው ጥሎት ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ ገብቷል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ባይኖሩ ያልቅለት ነበር። ጎትተው አወጡት። እኔ ስደርስ ፈረሱ ከጎኑ ቆሟል፣ እሱ ነቅቶ ሳይጨርስ ደግሞ ይጥለዋል። እንደተማርኩት በጎኑ አስተኛሁት። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አደረሱት። ዳንግላ የሚሄድ የጭነት መኪና ለምነን፣ ከጆንያ ላይ አስተኝተነው ሄድን። አማቴ መንገዱን ሁሉ ራሱን ታቅፈው በአገውኛ ያናግሩት ነበር። ምን እንደሚሉት ሳይገባኝ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ድሬሰሩ መርፌ ወጋውና መንቀጥቀጡ ቆመ፤ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ መድኃኒቱን አቋርጧል ወይ አለኝ።

«እሱ አቋርጧል» አልኩት። «ውሻችን ግን አላቋረጠም።»

ቁጭ ብዬ ነገሩን ሁሉ ከነቁራሹ ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ውሻውን ጥሎት ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«እንግዲያ መድኃኒቱ ደህና ነው» አለ።

ያን ሁሉ ፍርሃት ፈርቼ፣ ያን ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ። አማቴ ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። በእጄም በዓይኔም ሞከርኩ፤ የውሻው ነገር ሲገባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ባሌ ሲነቃ ግን ድሬሰሩ አልሳቀለትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ተናገረው።

«አልጣለህም ማለት መድኃኒቱ ይዞታል ማለት ነው እንጂ በሽታው ለቆሃል ማለት አይደለም። ማቆም ቢኖር እንኳ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ እሱም እኔ ስነግርህ። በድንገት ስትተወው ከበፊቱ ብሶ ይመጣብሃል። እነዚያ ሴቶች ባይኖሩ፣ ዛሬ የማናግረው ሚስትህን ብቻ ነበር።»

ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘ።

ከዚያ ወዲያ የማታውን ሥራ አማቴ ተረከቡ። ባሌ ገበያ ላይ ፈረስ ሲገዛ አፉን ከፍቶ በጥርሱ ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው ነበር። አሁን እናቱ ፊቱ ቆመው ውሃውን ያጠጡትና አፉን ያስከፍቱታል። ምላሱን ያስነሡታል፣ ጉንጩን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ያያሉ። ዕድሜዬን አውቀው ሊሸጡኝ ነው ይለኝ ነበር። አማቴ በአገውኛ መለሱለት፤ ማንም አይገዛህም ማለታቸው መሆኑ ያን ጊዜ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

ውሻውም ሰነባብቶ ነቃ፣ መንገደኞችም ዱላቸውን መልሰው ያዙ። ሰርጉ ላይ ባሌ በእግሩ አጀበ። ጠላውና አረቄው ሲዞር፣ በብርሌ የማያሰክር ብርዝ ቀድቼ ሰጠሁት። ያችን ብርዝ ይዞ ከሰከሩት ሁሉ በላይ ሲፎክር አመሸ። በበዓል ቀንም ጉግስ ሜዳው ዳር ይቆምና፣ ልጓሙን አላላ፣ ጉልበትህን አጥብቅ እያለ ሌሎቹን ሲያዝ ይውላል። እነሱ ሊሰሙት ቀርቶ ጉድ ነው እያሉ ያልፉት ነበር፤ እሱ ግን የጋለበ ሁሉ በሱ ምክር የጋለበ ይመስለው ነበር።

ክረምት ሲመጣ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን፣ ኪኒኑ እንዳያልቅበት ዝናቡ ሳይጀምር ራሱ ዳንግላ ወርዶ ያመጣ ጀመር። ሳይጥለው ረጅም ጊዜ ካለፈ በኋላ ድሬሰሩ ፈረስ ፈቀደለት፤ ኪኒኑን ሳይተው፣ ሰው አብሮት፣ ቀስ ብሎ። ባሌ ፈረሱ ላይ ወጣና ጥቂት ሄዶ ተመለሰ። ፈረሱ ሳይጋለብ ከርሞ ወፍሯል፣ ኮርቻው ጠቦታል ብሎ ለአንድ ሳምንት አማረረ።

አንድ ዓመት የአዲስ ቅዳም ሴት ስሙን ሰምታ መጣች። ልጃገረድ ልጇ ትወድቃለች፣ እሳት ውስጥም ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል። ካንተ ኪኒን ጥቂት ስጠኝ አለችው። አዘነላት፣ ግን አልሰጣትም። የኔ መጠን ለኔ ነው፣ ለሷ ሊጎዳት ይችላል፣ መጀመሪያ ትታይ አላትና እናትና ልጅን ይዞ ዳንግላ ወረደ። እኔም ተከተልኩ። ድሬሰሩ መጥቶ ሳይቀመጥ፣ ባሌ ልጅቷን ፊቱ አስቀምጦ የማታውን ሰዓት፣ እንቅልፉን፣ ሽፍታውን፣ አንድ ማታ ቢረሳ የሚሆነውን ሁሉ እያስረዳት ነበር። ውሃ ዳር ብቻሽን እንዳትወርጂ ሲላት ድምፁ ዝቅ አለ።

ድሬሰሩ በሩ ላይ ቆሞ እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ነጩን የሐኪም ካፖርቱን አውልቆ፣ ለዛሬ እሱ ይልበሰው ወይ ብሎ ወደ እኔ ዘረጋልኝ። ባሌ ነገሩ ቀልድ መሆኑ አልገባውም፤ ትከሻው ላይ ይጠበኛል አለው።