ለጠፋ መብራት የተከፈለ ሽልማት

«እንግዲያው ከየት መጣሁ ልበል?»

«እሱን መሸኛው ይናገራላ!» አለኝ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ማህተሙን የምነጥቀው ይመስል በመዳፉ ሸፍኖ። «መሸኛ ከሌለህ ከደብረ ብርሃን አልወጣህም። ከደብረ ብርሃን ካልወጣህ ደግሞ ሐረር አልገባህም።»

«ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ እኮ።»

«መቆምህን አየሁ። መኖርህን ነው ያላየሁት።»

እናንተ ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከልብስ በፊት መሸኛ ያዙ። ስደት ልበለው እንጂ ባሕር አልተሻገርኩም፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። የወጣሁ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር፤ እናቴ ሁለት ጋቢ ደራርባ አለበሰችኝ፤ አዋሽ ስደርስ ሁለቱንም በመስኮት ልወረውራቸው ምንም አልቀረኝ። ግጥም እጽፋለሁ የሚል ልጅ የሚቀጥር ከተማችን ውስጥ ጠፋ፤ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ኢንተርኔት ቤት ያለው የአጎቴ ወዳጅ ደግሞ ጽሑፍ የሚተይብ ይፈልጋል ተባለ፤ መጣሁ።

ቤት የተከራየሁት ፈላና በር አጠገብ፣ እማማ ዘይነብ ግቢ ነው።

«ትቅማለህ?» አሉኝ።

«አልቅምም።»

«ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ታዲያ ሥራ ስትፈታ ምን ታደርጋለህ?»

«ግጥም እጽፋለሁ፣ እማማ።»

ትንሽ አሰቡና፣ «የሁለት ወር ቅድሚያ ትከፍላለህ» አሉ።

እኛ አገር መንገድ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። እዚህ ስምህን ሳያውቁ «አቦ» ብለው ትከሻህን ይዘው ያደርሱሃል፤ የማን ልጅ እንደሆንክ የሚጠየቀው ከደረስክ በኋላ ነው። እኛ የምንጥለውን የቡና ገለባ እዚህ ከወተት ጋር አፍልተው «ሆጃ» ብለው ይሰጡሃል። መጀመሪያ ቀን አፌን አጣመምኩ፣ በአሥረኛው ቀን ሁለተኛ ስኒ ጠየቅሁ።

ኢንተርኔት ቤቱ አራት ኮምፒውተር ነበረው። ባለቤቱ ፈቃድ የሚከፈልበትን ሶፍትዌር መግዛት ስላልቻለ የጫነባቸው ነፃውን ነው። የዚህ ነገር ውስጡ፣ የተሠራበት ኮድ፣ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ሠሪዎቹ በየአገሩ የተበተኑ፣ አብዛኞቹ ደሞዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ደንበኛ በሌለ ጊዜ ውስጡን ሳነብ፣ ሳይገባኝ ሳነብ፣ ትንሽ ትንሽ ገባኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስድስት ቀን የደከምኩበትን ግጥም ስጽፍ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ፋይሉ ባዶ ነበር፤ የዕለቱ ስንኝ ብቻ ሳይሆን የስድስቱም ቀን። የሠሪዎቹን ድረ ገጽ ከፍቼ ልሳደብ ስል ማስታወቂያ አየሁ፦ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ጽሑፍ እንዳይጠፋ ላደረገ ሰው የገንዘብ ሽልማት አለ።

ሂሳብ ተቀባያችን ረመዳን፣ ከከተማው በላይ ካለው ሐኪም ከሚባለው ጋራ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ያረምኩትን ልፈትን መብራት እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አይቶ ሳቀ። «አቦ፣ መብራት ኃይልን ምን አስጠበቀህ? እኔ አለሁልህ» ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል፤ ጫታቸውን ጉያቸው አድርገው አንዱ ይተይባል፣ አንዱ ይነቅላል፣ አንዱ ምን እንደተረፈ ወረቀት ላይ ይጽፋል። እኔ አርማለሁ፣ እነሱ ያበላሻሉ።

የላክሁትን እርማት የሚመረምረው ከሠሪዎቹ አንዱ፣ የሩቅ አገር ሰው፣ ግን «እኔ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም» ብሎ ጻፈልኝ። «መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል?»

«በቀን ብለህ ጠይቅ» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን፣ ሰው የሞተብኝ ይመስል «አዝናለሁ» አለኝ።

መላው የመጣው ከረመዳን ነው። ፕሮግራሙ አሮጌውን ጽሑፍ ደምስሶ አዲሱን ሲጽፍ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሁለቱም እንደሚጠፉ ሳስረዳው፣ «ሱብሃነላህ! ይሄን የጻፈ ሰው አጥር አጥሮ አያውቅም» አለ። «እኛ አሮጌውን አጥር የምናነሳው አዲሱ ከቆመ በኋላ ነው። አለዚያ ጅቡ ይገባል።»

እንዳለው አደረግሁ፤ አዲሱ ጎን ለጎን ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ አሮጌው ይነሳ። ሦስት አርብ ሙሉ ነቀሉ፤ አንድ ፊደል አልጠፋም። ሰውየውም ተቀበለው።

ሽልማቱ ባንክ መድረሱን የሰማሁት አርብ ነው። በዚያው ቀን ረመዳን «ነገ አባቴ ማሳ ላይ ጉዛ አለ፣ ማሽላ ልንኮተኩት ነው፣ ና» አለኝ። ጉዛ እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው፤ ባለማሳው ያበላል፣ ጫት ያቀርባል።

«ዶማ የለኝም» አልኩት።

«ዶማ ሞልቷል። እጅህን ይዘህ ና።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ፣ ለምጄ። ቅዳሜ ግን ባንኩ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ዶማ ጨብጬ ከማሳፍራቸው የድካማቸውን ባመጣላቸው ይሻላል ብዬ ወደ ባንክ ሄድኩ።

«ላኪው ምንህ ነው?» አለችኝ ገንዘብ ከፋይዋ።

«ምኔም አይደለም።»

«ምን ሠርተህለት ነው?»

«መብራት ሲጠፋ ጽሑፍ እንዳይጠፋ አድርጌ።»

ቀና ብላ አምፖሉን አየች። «ወንድሜ፣ ቅጹ ላይ ዝምድና የሚል ቦታ አለ። አጎት ልበለው?»

«አጎት በይው» አልኳት።

ሰኞ ረፋድ ላይ ለሦስቱም ፖስታ አዘጋጅቼ፣ የረመዳንን ወፈር አድርጌ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አልከፈተውም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ድርሻህ ነዋ! የአጥሩ ሐሳብ ያንተ አይደል?»

«ቅዳሜ ጠበቅንህ። አባቴ ‹ያ የደብረ ብርሃኑ ልጅ የታለ?› እያሉ ሦስቴ ጠየቁኝ። አንድ ረድፍ ሳይኮተኮት አስቀሩልህ፤ ይመጣል ብለው።»

«ባንክ ነበርኩ፤ ይሄን ላመጣላችሁ።»

«ማን አምጣ አለህ?»

«ታዲያ ያን ሁሉ አርብ ሶኬት ስትነቅል ለምን ነበር?»

«ግጥምህ ስለጠፋ ነዋ! ወላሂ፣ ሌላ ለምን ይሆናል? አልቅሰህ ነበር እኮ።»

«አላለቀስኩም።»

«አልቅሰሃል፣ አቦ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ፖስታውን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው።

«ስማ። ጉዛ የመጣ ሰው ነገም ይመጣል፤ ተራ አለዋ። ቅጥረኛ ግን ሲከፈለው ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«ረመዳን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ። ረድፌን እኮተኩታለሁ።»

«ትናንት እኔ ጨረስኩት» አለና ሻሹን ከወንበሩ አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለ።

ሁለት ደንበኞች ሂሳብ ሊከፍሉ ቆመው ነበር። በመካከላቸው አልፎ ወጣ፤ የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።