ሳይቆጠር የታወጀ ድል

ወንድሜን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚለው። ገና ልጅ ሳለ እናታችን ከደጅ ሆና ደጋግማ ትጠራው የነበረው ልትልከው ብቻ ሳይሆን «አቤት» ሲል ልትሰማውም ይመስለኛል። ድምፁ ሞላ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ሳይጮህ ማዶ የሚደርስ ነበር። ውሃ ሊጠፋ ሲል፣ ልጅ ሲጠፋ፣ የክትባት ቀን ሲደርስ እሱ ነው የሚጠራው። ድምፅ ማጉያውን ይዞ ሲያልፍ ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው «ቆይ ሬዲዮ ምን ይላል?» ይሉ ነበር።

የእንጀራ ሥራው ግን የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ከበር በር እየዞረ «ቆጣሪ!» ይላል፤ ይከፈትለታል፤ ተንበርክኮ የቆጣሪውን ክዳን ያነሣና መስታወቱ ላይ ያለውን ጭቃ በእጅጌው ጠርጎ ቁጥሩን ይጽፋል። አንገቱ ንጹሕ ሆኖ የቀኝ እጅጌው የጠቆረ ሸሚዝ ስናጥብ ነው እኔና ሚስቱ የኖርነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ የኋለኛዋን ክፍል ሰጥተውኝ። ሚስቱ በዚያ እጅጌ ነገር ስትነጫነጭ «ጨርቁ ለምን ተሰጠህ?» ትለዋለች። እሱም ጨርቁ ኪሴ ውስጥ እያለ ትዝ አይለኝም፣ እጅጌ ይሻላል ይላል። ሌሎቹ አንባቢዎች ክዳኑ ከከበዳቸው ወይም ግቢው ውስጥ ውሻ ካለ ያለፈውን ወር አይተው በግምት ይጽፋሉ። እሱ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ውሻው እስኪታሰር ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ያኔ ሲገዛ የነበረውን ፓርቲ ይወድ ነበር። እንዲሁ በጭፍን አይደለም። ውሃ ወደ ሰፈራችን የገባው በእነሱ ጊዜ ነው፤ ጎረምሳ ሆኖ ቧንቧውን በትከሻው የተሸከመው፣ በኋላም ሥራ ያገኘው ከዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፓርቲው ክፉ ሲወራ አይቆጣም፤ «እናንተ ከወንዝ ስትቀዱ አላያችሁም» ብቻ ብሎ ያልፋል። ምርጫ ሲደርስ ፒክአፕ ይመጣል፣ ድምፅ ማጉያው ጣራው ላይ በገመድ ይታሰራል፣ ወንድሜ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ያን ሰሞን ሸሚዙ በሁለቱም እጅጌ ንጹሕ ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ድምፅ በተሰጠ ማግስት፣ በማለዳ፣ ወንድሜ በዚያው መኪና እየዞረ ሰፈሩን በፓርቲው ስም ያመሰግናል። ቆጠራ የሚጠብቅ ማንም የለም፤ ቆጠራው ሌላ ነገር ሊል ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረማ። አሸንፈናል፣ ስለመረጣችሁን እናመሰግናለን፣ መንገዱን እንጨርሳለን፣ ትምህርት ቤቱን እናድሳለን። ንግግሩን በቃሉ ያውቀዋል። ሁሌም እንዲህ ነበር፣ ሁሌም ልክ ሆኖ ተገኝቷል።

የዚያን ጊዜም ድምፅ በሰጠንበት ቀን ከሰዓት በኋላ የፓርቲው የሰፈር ሊቀመንበር እቤት መጣ። እኔ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ተቀመጥ ስለው እቸኩላለሁ አለና በር ላይ እንደቆመ ለወንድሜ ነገረው።

«ነገ እንደ ወትሮው ነው። ሰው ሥራ ሳይሄድ በማለዳ ውጣ።»

ወንድሜ እሺ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ፤ ከእኔና ከምስሩ በቀር።

በማግስቱ ዳቦ ለመግዛት ወጣሁ። ሰልፉ ረዘም ያለ ነበር፣ ደግሞም ዝም ያለ ነበር። መኪናው ከላይ በኩል ሲመጣ ድምፁ ቀድሞ ደረሰ። «የዳቦ ቤት ሰፈር ነዋሪዎች፣ እናመሰግናለን! አሸንፈናል!» ይላል። ሁሌ እጁን የሚያወዛውዝለት ሰው ያን ቀን እጁን አላነሣም። ከፊቴ የነበረችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ወንድምሽ አልሰማም እንዴ? ትምህርት ቤቱ በር ላይ ውጤቱ ተለጥፏል እኮ። ወድቀዋል፤ ያውም ክፉኛ» አለችኝ።

ሮጥኩ። በዚያ ዕድሜዬ፣ ባዶ ዘንቢል ይዤ፣ መኪና ልደርስበት ሮጥኩ። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ነበር፤ መኪናው ታጠፈ። ድምፁን ብቻ እየተከተልኩ በሄድኩበት መንገድ ሁሉ ሰዎች በር በራቸው ላይ ቆመዋል፣ አንዳቸውም «ቁም» አላሉትም። አንዳንዱ አዝኖለት ይሆናል። አንዳንዱ ግን መጨረሻውን ለማየት እንደጓጓ ዓይኑ ይናገር ነበር። ባለሱቁማ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

የትምህርት ቤቱ መንገድ የመጨረሻው ነው። እዚያ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ሰማሁ እንጂ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ወንድሜ ምስጋናውን መሃል ላይ አቋረጠ። ማይክራፎኑን አልዘጋውም። በዚያ ማዶ በሚደርሰው ድምፁ፣ ግን ልጅ እንደሚጠይቀው አድርጎ ጠየቀ፦

«ምንድን ነው ይሄ? ተሸነፍን እንዴ?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ነው የሳቀው። ከዚያ መንገዱ በሙሉ።

እቤት ገባ። ሚስቱ ቁርስ አቀረበችለት፤ ሁለት ጉርሻ በልቶ ተነሣ። ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩ ገበያውን አዳርሶ ነበር። እሑድ የፓርቲው አባላት በአዳራሹ ሲሰበሰቡ አንዱ ተነሥቶ ለምን እንዲህ መሳቂያ ሆንን፣ ሰውየውን ማን ላከው ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ማንም አልላከውም፣ ከራሱ ተነሥቶ ነው፣ ፓርቲው በዚህ አይጠየቅም ብሎ መለሰ። ወንድሜ እዚያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን የነገረን እሱ አይደለም፤ የሾፌሩ ሚስት ናት።

እኔ ደሜ ፈላ። ልብሴን ለብሼ ሊቀመንበሩ ቤት ልሄድ ተነሣሁ፤ በር ላይ ቆመህ ያልከውን በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ ልለው። ወንድሜ በሩን ይዞ ቆመ። የፓርቲውን ገበና አደባባይ አናወጣም አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ዓይኔን ሳያይ ያናገረኝ።

የሥራው ነገር ነበር የከፋው። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ተቀምጦ ወሬው እስኪበርድ ይጠብቃል። እሱ ግን የሳቁበትን ሰዎች በር ሁሉ በየተራ ማንኳኳት ነበረበት። ድሮ «ቆጣሪ!» ሲል ሦስት ግቢ ይከፈታል፤ አሁን በሩን በጣቱ ጫፍ ይነካል። ሰው ሥራ የሚሄድበትን ሰዓት እየጠበቀ ሠራተኛና ሕፃን ብቻ ባለበት ይገባል። በዚያም ላይ አንድ ሌላ ሐሳብ አብሮት ይዞር ጀመር። ምርጫውን ያሸነፉት ከሰማይ በወረደ ድምፅ አይደለም፤ በዚሁ ሰፈር ሰው ድምፅ ነው። ሻይ ያቀረበችለት ሴት ትሁን? ውሻውን የሚያስርለት ሽማግሌ ይሁን? ክዳኑን እያነሣ ይህን እንደሚያስብ አንድ ቀን ለሚስቱ ሲናገር ሰማሁት። እሷ ሳህኗን አየች። እሱም ሳህኗን ስታይ አያትና ሌላ አልጠየቀም። በእኛ ቤት ማን ማንን እንደመረጠ ከዚያ በኋላ ተነሥቶ አያውቅም።

ባለሱቁ ግን አላረፈም። ሲያልፍ ባየው ቁጥር «ሬዲዮ፣ የሚመጣውን ምርጫ ማን አሸነፈ?» ይለዋል፤ ወንበሩ ላይ ያሉት ይስቃሉ። ወንድሜ መንገድ ቀየረ። በኋላ አለቃውን ለምኖ የእኛን ሰፈር ለሌላ አንባቢ ሰጠና ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ማንም በማያውቀው አካባቢ ይሠራ ጀመር። ማታ ጫማው አቧራ ለብሶ ይመጣል። ውሃ ሊጠፋ ሲልም የሚጠራ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ሳንቀዳ ጠፋብን።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤት ያላት ወጣት ሴት መጣች። የአሸናፊው ፓርቲ የሰፈሩ ኃላፊ እሷ ናት። ከኋላዋ ማን ቢከተላት ጥሩ ነው? ሊቀመንበሩ። ኮቱ ላይ ዓመት ሙሉ የማትጠፋው የፓርቲው አርማ የለችም፤ በነበረችበት ቦታ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እኔ እነዚያን ቀዳዳዎች እያየሁ ሻይ ቀዳሁ።

ልጅቱ ጨዋ ናት፣ እውነቱን ለመናገር። ጋሼ፣ እኛ በእርስዎ ቂም የለንም አለችው። ድምፅዎ የሰፈሩ ነው፣ እሑድ የምስጋና ስብሰባ አለን፣ እርስዎ ቢጠሩልን ሰውም ይታረቃል አለችው። ሊቀመንበሩ ከሥር ከሥር እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው ይላል።

«አሁንስ ተቆጥሯል?» አላት ወንድሜ።

ልጅቱ መሳቅ ይኑርባት አይኑርባት ግራ ገባት። ወንድሜ ግን ፈገግ አለላት፤ ከዚያ በኋላ ረጋ ብሎ የእናንተን ድል የእናንተ ሰው ያብስረው፣ እኔ የመረጥኩት ሌላ ነው፣ ዛሬም ሌላ ነው አላት። ሊቀመንበሩ «አንተ አሁንም እዚያው ነህ?» ብሎ ሳቀ። ወንድሜ ዞሮ አየው። አሁን ይነግረዋል ብዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። በልጅቱ ፊት አንድ ቃል ብትወጣው ያ ሰው ሁለተኛ ቀና አይልም ነበር። ወንድሜ «ሻይህ ቀዘቀዘ» ብቻ አለው።

ሲሄዱ አላስችል አለኝ። የላከህ እሱ፣ የካደህ እሱ፣ ዛሬ ደግሞ ቤትህ ድረስ መጥቶ የሚስቅብህ እሱ፤ ለምንድን ነው አፍህን የያዝከው አልኩት። ወንድሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጅጌውን ያሻሽ ነበር።

«እትዬ፣ እሱ ውጣ አለኝ እንጂ ሳታይ ተናገር አላለኝም። ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። በዚያ በኩል ብጀምር አየው ነበር። የሰው ቆጣሪ ሳላነብ ቁጥር ጽፌ አውቃለሁ? አንቺው ንገሪኝ።»

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያሳፍረው ሳቁ መስሎኝ ነበር። የሰውየው ክህደት ነው የሚያንገበግበው ብዬም አስቤ ነበር። እሱን ግን ያቃጠለው ሌላ ነገር ነው፤ በሰው ሁሉ ላይ የሚጠላውን ያን የግምት ሥራ እሱ ራሱ፣ ያውም በድምፅ ማጉያ፣ መሥራቱ።

በማግስቱ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ የእጅ ድምፅ ማጉያውን ተውሶ መጣ። ልብሱን ቀየረ። ሚስቱ ወዴት ነው ስትለው በሩን ከፍቶ ወጣ፤ እኔ ግን ገባኝና ነጠላዬን አንሥቼ ከኋላው ወጣሁ። መኪናው በሄደበት መንገድ በእግሩ ሄደ። በየመንገዱ ጫፍ ይቆማል፤ ይናገራል፤ ይቀጥላል።

«ባለፈው ፓርቲዬ አሸንፏል ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ውጤቱን ሳላይ ነው የተናገርኩት። ያሸነፉት ሌሎቹ ናቸው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ማንም አልላከኝም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲላት እኔ ከኋላው ከንፈሬን እነክሳለሁ። ያን ሰው ሸፈነው፣ ያውም በሰፈሩ ፊት። ዳቦ ቤቱ ጋ ድምፁ ተሰበረና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እፎይ የሚል መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሰዎቹ ባፈሩ ቁጥር ይበልጥ ያፍር ነበር፣ በእሱ የተነሣ አንገት በመድፋታቸው። አንዲት አሮጊት እግዜር ይስጥህ አለችው። ከአንድ ግቢ ውስጥ ደግሞ ሳቅ ተሰማ፤ አልዋሽም፣ ተሰማ። ባለሱቁ ወጥቶ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ወዲያው ተወውና ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገባ። ሊቀመንበሩ ቤት ስንደርስ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ወንድሜ እዚያም እንደሌላው ቦታ ቆመ፣ ያንኑ ተናገረ፣ «ማንም አልላከኝም» አለ። ወደ መስኮቱ ቀና አላለም። መስኮቱ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሰፈራችንን ቆጣሪ ተመልሶ ማንበብ ጀመረ። ሰው «ሬዲዮ» ማለቱን ተወ፤ በስሙ ይጠራው ጀመር። ያም አሳዘነኝ። ለውሃም ለክትባትም ሲጠሩት ሄዷል፤ ለፖለቲካ ግን፣ ለየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ማይክራፎን ይዞ አያውቅም።

ስብሰባውን ግን አልተወም። ፓርቲው ከወደቀ በኋላ አዳራሹን ተቀምቶ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ነበር። የሚመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚናገሩትም ያው ስለ ድሮው ነው። ወንድሜ ኋላ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ አይናገርም፣ ሲያበቃ ወንበሮቹን ይሰበስባል። አንድ እሑድ ኮቱን ሲለብስ አየሁትና ምን ቀርቶህ ነው የምትሄደው፣ እነሱ ለአንተ ምን ሆነውልሃል አልኩት።

«አሁን ብቀርማ፣ ያኔ እሄድ የነበረው ለመኪናው ነው ማለት ነዋ» አለኝ።

ወጣ። በዋናው መንገድ አልሄደም፤ በጓሮ በኩል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ መሬት መሬት እያየ ነበር የሄደው። ሊቀመንበሩ በዚያው ሰዓት በዋናው መንገድ መሃል ለመሃል፣ አዲስ አርማ ለጥፎ፣ ሰላምታ እየሰጠ ያልፍ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ሁለቱንም አየኋቸው። ሊቀመንበሩ ወደ እኔም እጁን አነሣ፤ እኔ ግን አላነሣሁም።