የኮሶው ቅላት

በአምበር አካባቢ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሰሌዳ ላይ የምስለው ጉሬዛ ሁልጊዜ ዝንጀሮ እየመሰለ አስቸገረኝና የወንድሜን ዲጂታል ካሜራ ተውሼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ሄድኩ። የጉሬዛ ቆዳ ለምንጣፍ ይፈለግ ስለነበር በአካባቢው የቀረው መንጋ እዚያ ያለው ብቻ ነበር።

ደኑን የሚጠብቁት ሽማግሌ መነኩሴ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ለትምህርት ነው አልኩ። ቆዳ ፈላጊውም ሲመጣ ለመሳለም ነው እንደሚል ነገሩኝ። ፎቶውን ከማንም በፊት ለእሳቸው እንዳሳይ ቃል አስገብተው አስገቡኝ፤ እስክወጣም ከኋላዬ አልተለዩም።

ማርቆስ ከተማ ወርጄ ያነሳሁትን ፎቶ በቀለም አሳተምኩት። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ምስሉን ኮምፒዩተሩ ላይ ገልብጦ፣ አስፍቶ ሲያይ ቆየና "የት ነው ይሄ?" አለኝ። አጠያየቁ ደስ አላለኝም። ሩቅ ነው ብዬ ወጣሁ።

አባ ፎቶውን ሲቀበሉኝ ጉሬዛዎቹን ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። ጣታቸውን ያሳረፉት ከበላያቸው በተንዠረገገው ቀይ የኮሶ አበባ ላይ ነበር። በደኑ ውስጥ ያለው ኮሶ ያ ብቻ ነው፤ መንጋውም የሚያድረው እሱ ላይ ነው።

"ማደሪያቸውን አሳየህብኝ" አሉኝ። "ይህን ግድግዳ ላይ ሰቅለኸው፣ ደኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ሲያየው፣ ከዚያስ?"

በማግስቱ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት። ነገሩ ቀላል ነው፦ ማሽኑ ቀለሙን ትቶ የብርሃኑን መጠን ብቻ ያስቀራል። የኮሶው ቀይና የቅጠሉ አረንጓዴ ደግሞ ብርሃናቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። ጉሬዛው ድሮም ጥቁርና ነጭ ነውና ምንም አልጎደለበት።

አባ አዲሱን ወረቀት ወደ ፀሐይ አቀኑት፤ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። አበባውን ቆርጬ እንዳወጣሁት ነበር የጠረጠሩት። ከባለቀለሙ ጋር ጎን ለጎን ይዘው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አስተያዩና አበባው እዚያው መኖሩን አመኑ።

"ቀዩስ የት ገባ?"

"ከወረቀቱ ወጥቷል፣ አባ።"

"ሲወጣ የት ገባ ነው የምልህ።"

ዋናው ምስል ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። ባለቀለሙን ፎቶ በጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ተከተሉኝ። ከካሜራውም ከኮምፒዩተሩም ሳጠፋ አጠገቤ ቆመው አዩ። የጠፋ ነገር መጀመሪያ የኮምፒዩተሩ ቅርጫት ውስጥ እንደሚጠራቀም ያስረዳሁም እኔው ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ቅርጫቱንም አስደፉኝ። ከዚያ ሌላ ጋ አለመኖሩን ሲጠይቁኝ ፎቶ ቤቱ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ አብረን ማርቆስ ወረድን። ባለቤቱ ገና ነገሩን ሳንጨርስ አጥፍቼዋለሁ አለ። ኮምፒዩተሩን በራሱ ፈቃድ ከፍቶ አሳየን፤ እውነትም የለም። ስንመለስ መኪና ውስጥ አባ፣

"ሳንጠይቀው ለምን አሳየን?" አሉ።

እኔም ያንኑ ሳስብ ነበር፤ ሌላ ቦታ ገልብጦ አስቀምጦት ይሆናል።

ጥቁርና ነጩን ፎቶ ክፍል ውስጥ ሰቀልኩት። በዓመቱ ኮሶ በሚያብብበት ወቅት ወደ ደኑ ስመለስ ዛፉ ላይ ቅላት የሚባል አልነበረም። አባ ከሥሩ ቆመዋል። በረጅም ቀርቀሃ ጫፍ ማጭድ አስረው፣ አበባውን ገና ሳይቀላ እያጨዱ እግራቸው ሥር ከምረውታል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩናል።

"አሁን በቀለሙ አንሳ" አሉኝ።

አንድ ፎቶ እንዳነሳሁ ካሜራውን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ምስሉን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ ቆዩበት። ከዚያ ካሜራውን መለሱልኝና ቀርቀሃውን እንደገና አነሱ።

"በስተግራ አንዲት አበባ ቀርታለች" አሉ። "ይህን ፎቶ አጥፋው፤ እሷን ሳወርዳት ሌላ ታነሳለህ።"