በእስክሪብቶ ጻፊኝ

ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ መዝገብ ቤታችን ይመጣል። የጦር መሣሪያ ግዢ ውሎችን የሚመረምር ኦዲተር ነው። ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ይለብሳል፤ ጫማው ግን መስታወት ነው። ፋይል የሚያነበው ከመጨረሻው ገጽ፣ ከፊርማው ጀምሮ ነው። የሚጠይቀኝም ሁልጊዜ አንዱን ብቻ፦ የጥይት መከላከያ ሰደርያ ግዢን።

«ተረካቢዎቹ አንድም ሳጥን ሳይከፍቱ ነው የፈረሙት» አለኝ አንድ ቀን፣ መነጽሩን እየወለወለ። «ልጄ ግንባር ላይ ለብሶት ነበር።»

ባለፈው ማክሰኞ የፋይሉን የውሰት ካርድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አየው። እኛ መዝገብ ቤት ካርድ የሚሞላው በእርሳስ ነው። ከእሱ በፊት ፋይሉን የተዋሱት የሁለት ኦዲተሮች ስም በላጲስ ጠፍቶ፣ ጭረቱ ብቻ ቀርቷል።

«እነዚህስ የት ደረሱ?»

«እንጃ፣ ጋሼ። የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ።»

«እንግዲያው እኔን በእስክሪብቶ ጻፊኝ። ጫን አድርገሽ።»

ጫን አድርጌ ጻፍኩት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ እሱ አልመጣም። አለቃዬ ግን በማለዳ መጥቶ ባዶ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ያኛው ቆሽሿል፤ በአዲስ ጀምሪው» አለኝ። «እርሳስ አለሽ አይደል?»