ከበሩ በኩል የተቀመጠው ጆንያ

ቶርኖውን የገዛሁት ጉቴ ከሚገኝ፣ ሥራ ካቆመ የብረታ ብረት ቤት ነው። ሙያ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ግቢዬ ውስጥ የራሴ የብረት መቅረጫ እንዲኖረኝ ስመኝ ኖሬያለሁ። የሚነቃቀለውን ዕቃ ሁሉ፣ ብረቱን ነክሶ የሚይዘውን ከባድ መንጋጋ ጨምሮ፣ በአንድ ጆንያ ከትቼ አፉን በሽቦ ጠፈርኩት። መንጋጋው ከጠፋ ቶርኖው ምን ይሠራልኛል? ነቀምቴ ውስጥ ሌላ ከየት አመጣለሁ?

ጫኞቹ አምስት ናቸው። አለቃቸው ጠጉሩ የሸበተ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው፤ ገና ሳየው አልጣመኝም። "ባርሲሳ፣ ሞተሩ ይፈታ። በአንድ ጎን ከብዶ ይገለብጠዋል" አለኝ። ባርሲሳ ያለኝ መምህር ለማለት ነው፤ እኔም ብሆን ተማሪዎቼን የምለው ይህንኑ ነበር። ግን ከሱ አፍ ሲወጣ ሊቀይርብኝ ነው አልኩና ራሴ ፈትቼ፣ ጋቢና ውስጥ እግሬ ሥር አድርጌው መጣሁ። ይህን ያህል ዘመን ወለጋ ኖሬ የምሰማው ኦሮምኛ የገበያውን ያህል ነው። ፈጠን ብለው አውርተው በሳቁ ቁጥር የሚያሙት እኔን ይመስለኛል።

ግቢዬ ከበሩ እስከ መሥሪያ ክፍሉ ዳገት ነው። ማሽኑን ጣውላ ላይ አስቀምጠው፣ ከሥሩ ቱቦ እያስገቡ "ሱታ፣ ሱታ" እየተባባሉ በቀስታ ገፉት። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አለቃው አስቆማቸው። ጆንያዬን ብድግ አድርጎ ከማሽኑ ኋላ፣ በበሩ በኩል አስቀመጠው። ለመውጣት ተመቻቸ ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ።

"የቀረው ከባዱ ነው። እንጸልይ" አለ፤ በሩ በኩል፣ ማሽኑ ኋላ እንደቆመ። ሁሉም ቆባቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ቀስ ብዬ ተጠጋሁና ጆንያውን ጎትቼ ወደ ራሴ ወሰድኩት።

ቱቦው ተንከባለለ።

"ዳቢ! አቁሙት! ያዙት!" አለቃው ጸሎቱን አቋርጦ ትከሻውን አስደገፈው፤ የቀሩት ተረባርበው ያዙት። ማሽኑ የቆመው ጉልበቱን ሊጨፈልቅ አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው። ከዚያ ሁሉም እጄ ላይ ያለውን ጆንያ አዩ።

አልጮኸብኝም። ጆንያውን ተቀብሎኝ ቱቦው ሥር መልሶ በእግሩ ወሸቀው። "ይሄ እኮ ታኮ ነው፣ ባርሲሳ" አለኝ።

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ስንቱን ተማሪ ታኮ ሳታይ እጅህን አትስደድ ብዬ የተቆጣሁ ሰው፣ ሰውን እግሩን ላሳጣ ነበር።

"ጸሎቱን አልጨረስንም" አለ። አሁን ከልቤ ጨፈንኩ። አሜን ሊባል ሲል ግን አላስችል ብሎኝ ገለጥ ባደርግ፣ አራቱ እንደጨፈኑ ናቸው። አለቃው ግን ዓይኑን ከፍቶ፣ እጄን እያየ ነበር የሚጸልየው።