አጥንት ውስጥ የተቋጠረ ውሃ፦ ከነገሌ የተነሳ ጉዞ

መነሻ

ሐምሌ እንደገባ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። ባልደረቦቼ ወደየዘመዶቻቸው ሲበታተኑ እኔ ከነገሌ የተነሳሁት ተማሪዬን ዳርሚን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ነበር። የዚህች ልጅ ቀኝ ክንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። መጀመሪያ የተሰበረው ከጉድጓድ ውሃ ስትቀዳ ነው፤ ሳትወድቅ፣ ማንም ሳይመታት፣ ባልዲ ብድግ ስታደርግ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ቀጭ አለ። ወጌሻ በደንብ አሰረላትና ዳነ። ሁለተኛው ጊዜ በዓይኔ ፊት ነው። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኳስ ወረወረችና ክንዷን ይዛ ተቀመጠች።

የክሊኒኩ ድሬሰር ክንዷን ዳስሶ ለብቻዬ ጠራኝ። እንዲህ በትንሽ ነገር የሚሰበር አጥንት ውስጡ ነቀርሳ ሊኖርበት እንደሚችል፣ እንደዚያ ከሆነም ክንዱ ሊቆረጥ እንደሚችል፣ እሱ ግን ራጅ ስለሌለው እርግጡን ሊነግረኝ እንደማይችል አስረዳኝ። የሰማሁትን ሁሉ ለአባቷ ለኦቦ ጃተኒ ነገርኳቸው። ኦቦ ጃተኒ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ከብት አርቢ ናቸው። አማርኛ አይናገሩም፤ እኔ ግን ወላጆቼ ከሸዋ የመጡ ቢሆኑም ነገሌ ተወልጄ ስላደግሁ ሁለቱንም ቋንቋ እናገራለሁ። የድሬሰሩን ቃል እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "በርሲስቱ፣ አብረሽን ሂጂ" አሉኝ። በርሲስቱ በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነው።

ስብራቱ እስኪይዝ ጠበቅንና ተነሳን።

ነገሌ – ያቤሎ

ቆዳ የጫነ የጭነት መኪና አገኘን። ሾፌሩ የዳርሚን ክንድ አይቶ ጋቢናውን ለሁለታችን ለቀቀልን፤ ኦቦ ጃተኒ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጡ። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ ግራር፣ በየመሐሉ ከሰው ቁመት በላይ የተቆለለ ኩይሳ። ዳዋ ወንዝ ጎድሎ ስለነበር መኪናው ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጠ ተሻገረ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዳርሚ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ትይዛለች፤ እኔም ሳላስበው የራሴን ክንድ እይዛለሁ።

አረሮ ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ወረደ። የጋቢናው ወሬ ስለቆመ ይመስለኛል፣ ልጅቱ ያን ጊዜ ጠየቀችኝ።

"በርሲስቱ፣ በአንድ እጅ ላም ይታለባል?"

አባቷ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ከላይ ሳል ሰማሁ። ይቆረጣል ያለ ሰው እንደሌለ፣ ለማየት እየሄድን እንደሆነ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላመነችኝም።

ያቤሎ የደረስነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ወተት የበዛበት ሻይ የሚሸጥበት ቤት ገባን፤ ከሞያሌ የመጡ ነጋዴዎች ሞልተውታል። ከመካከላቸው አንድ የኦቦ ጃተኒ ጎሳ ሽማግሌ ተነስተው ሰላምታ ተጀመረ። ናጋ ነው፣ ማለትም ሰላም ነው፣ ከብቱ ናጋ ነው፣ ሣሩ ናጋ ነው እየተባባሉ ሻዬ ቀዘቀዘ። ሽማግሌው የጉዟችንን ምክንያት ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሐኪም ቤት የገባ አካል ተቆርጦ ይቀራል፤ በጋለ ብረት ተኩሳችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ አሉ። ኦቦ ጃተኒ አልተከራከሩም።

ጠዋት ኦቦ ጃተኒ ባደርንበት ቤት በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"እንሄዳለን። ሐኪሙ ይቆረጥ ካለ ግን ለእሷ ከመንገርሽ በፊት ለእኔ ንገሪኝ" አሉ።

እሺ አልኳቸው።

ሽቅብ ወደ ደጋው

ከያቤሎ ወዲያ አውቶቡስ ነው። የሰሜኑን መንገድ ይዘን ስንወጣ ሰማዩ ዝቅ እያለ መጣ። ሀገረ ማርያም ላይ ጉሙ የፊታችንን መንገድ ዋጠው፤ ሐምሌ እኛ ዘንድ ደረቅ ነው፣ እዚያ ግን ዝናብ በዝናብ። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ወንዶቹ ወርደው ገፉ፤ ኦቦ ጃተኒም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ተመለሱ። እንሰት መጀመሪያ ያዩት ያን ቀን ነው። ዲላ ላይ ቆጮ በጎመን አቀረቡልን፤ ኦቦ ጃተኒ አላምጠው አላምጠው ወተት ቢኖረው ጥሩ ምግብ ነበር አሉ። ዳርሚ ከጉዞው መጀመሪያ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት እዚያ ነው።

ሆስፒታሉ

ሆስፒታሉ ከዲላ ወዲያ ነው። ሐኪሙ ጸጉራቸው የሸበተ የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ አማርኛ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየመረጡ ይናገራሉ። ዳርሚ ራጅ ተነሳች። ፊልሙ ሲደርቅ ሐኪሙ መስኮቱ ላይ ዘርግተው አሳዩን። የክንዷ አጥንት ከትከሻዋ በታች ወፈር ብሎ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ ዳሩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቷል።

"ነቀርሳ አይደለም" አሉ።

ክንዱ አይቆረጥም ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

"ለምን ይቆረጣል? አጥንቱ ውስጥ ውሃ ተቋጥሯል። ልጆች ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ወደ ሌላ አካል አይሄድም፣ አይገድልም። አጥንቱን ግን ያሳሳዋል።"

ሐኪሙ ለነገሩ የሰጡት ስም የባዕድ ቃል ነበር፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አቻውን አላውቅም። ውሃ የቋጠረ አጥንት ብዬ ተረጎምኩ። ኦቦ ጃተኒ ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሐኪሙ ፊልሙን እንደሚያስተካክል ሰው ጀርባቸውን ሰጡን።

ትንሽ ቆይተው ኦቦ ጃተኒ፣ ውሃውን ማን ከተተው ብለው አስጠየቁኝ። ሐኪሙ ምክንያቱን የሙያው ሰዎችም በትክክል እንደማያውቁት ሳይደብቁ ተናገሩ። አንዳንድ ጊዜ አጥንቱ ተሰብሮ ሲገጥም ባዶው ቦታ በራሱ ይሞላል፤ የዳርሚ ግን ሁለቴ ተሰብሮም አልሞላም። ስለዚህ ከፍተው ውሃውን ያወጣሉ፣ ውስጡን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ማንኪያ በመሰለ መሣሪያ ይፍቃሉ፣ ከዚያ ከዳሌዋ አጥንት ቆንጥረው ባዶውን ይሞሉታል።

ይህን ስተረጉም ኦቦ ጃተኒ ተነስተው ቆሙ።

"የልጅቱን ዳሌ ለምን ይነካሉ? እኔ አለሁ። ከእኔ ይውሰዱ።"

ሐኪሙ ትርጉሙን እስክጨርስ ጠብቀው መለሱ።

"ንገሪያቸው፤ የአባት አጥንት የራሷን ያህል አይዋሃዳትም። የራሷ ቶሎ ይይዛል። ከዳሌዋ የሚነሳውም ይተካል።"

ኦቦ ጃተኒ ዳሌያቸውን እንደያዙ ቆመው አሰቡ። በመጨረሻ፣ "እንግዲህ እሷ ትጠየቅ፤ አጥንቱ የሷ ነው" አሉ። ዳርሚ ፊልሙን ደግማ አየችው፤ ሲፍቁት እንደምትተኛ አረጋግጣ እሺ አለች።

በነጋታው ማደንዘዣ ሰጥተው አስገቧት። አባቷ ካፊያው ውስጥ ደጁን እያዩ ቆመው ዋሉ፤ በረንዳው ስር ግቡ ብላቸው አልሰሙኝም። ሐኪሙ ሲወጡ ውሃው እንደ ቀጠነ ሻይ የጠራ ቢጫ እንደነበር፣ ይህም ጥሩ ምልክት እንደሆነ ነገሩን። ለማረጋገጥ ከተፋቀው ጥቂት ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ገና ሆስፒታሉ ሳለን ክፉ ነገር የለበትም የሚል መልስ መጣ። ዳርሚ ስትነቃ ያለቀሰችው ለክንዷ ሳይሆን ለዳሌዋ ነው፤ ያ ነው ያመመኝ አለች።

መልስ

ስንመለስ ልጅቱ ክንዷ በጨርቅ አንገቷ ላይ ታስሮ ነበር። ሐኪሙ ባዶው ቦታ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳና በዓመቱ ራጅ እንድትነሳ አስጠንቅቀውናል። ያቤሎ ስንደርስ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፤ ኦቦ ጃተኒ ጋቢያቸውን ገፈው ደረቁን አየር በረጅሙ ሳቡ።

ነገሌ ገብተን በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድን። የዳርሚ እናት ዳኪ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ልጅቱ ስታነክስ አይታ ዳሌዋን ገለጠች።

"የታመመው ክንዷ፤ የቀደዱት ዳሌዋን?" ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ላስረዳ አፌን ስከፍት ኦቦ ጃተኒ ቀደሙኝ። ከእሳቱ ዳር የተጋጠ የመቅኒ አጥንት አንስተው ቀዳዳውን አሳዩአት፤ ውሃው እዚህ ነበር፣ ቅርፊቱ እንዲህ ሳስቶ ነበር፣ የራሷን አጥንት ሞሉበት፣ እኔ ከእኔ ይወሰድ ብዬ ነበር የእኔ አይዋሃዳትም አሉኝ፣ ብለው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ዳኪ አጥንቱን ተቀብላ በቀዳዳው ጣቷን ከተተች።

እስከዚያ ጉዞ ድረስ በሽታ ወይ የሚገድል ወይ የሚያልፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አጥንት እያሳሳ ጠላት ያልሆነ ነገር እንዳለ፣ ምንነቱ የሚታወቀውም ውስጡ ሲታይ ብቻ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ክረምት ነው። ሽማግሌውን ሰምተን ከያቤሎ ብንመለስ ኖሮ ደግሞ የልጅቱ ክንድ በየባልዲው እየተሰበረ እኛም ነቀርሳ ነው እያልን እንኖር ነበር።

ዳኪ ወተት ሞልታ ሰጠችኝ። ዳርሚ ከጎኔ ቁጭ ብላ ለታናናሾቿ ስለ እንሰት ታወራ ነበር፤ ምግቡ ከዛፍ ግንድ ይፋቃል ስትላቸው አንዳቸውም አላመኗትም።